የሚያክመው እጅ ሲወጋ፦ በጤና ተቋማት በመርፌና በስለት የሚደርስ ጉዳትን ስለ መከላከል

መግቢያ

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፉ ለሙያ ጓደኞቹ አንድ ምክር ትቶ አልፏል። ከጥንት ጀምሮ ሐኪም ታማሚን ሲመረምር በሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲጨምር፣ ይኸውም የታማሚው ሥራ ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ አሳሰበ። ራማዚኒ በዚሁ መጽሐፍ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ስለ ሸክላ ሠሪዎችና ስለ ቀለም ቀቢዎች ጽፏል። ከእነዚህ ጎን ለጎን አዋላጆችንም አልዘነጋም፤ ሌሎችን በመርዳት ላይ ሳሉ የገዛ እጃቸው እንዴት እንደሚጎዳ አትቷል። ስለሆነም የጤና ባለሙያው በሥራው ምክንያት ሊታመም የሚችል ሠራተኛ መሆኑ ከታወቀ ከ3 መቶ ዓመታት በላይ ሆኗል።

የራማዚኒን ጥያቄ እኛም ታማሚዎቻችንን እንድንጠይቅ ተምረናል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሳል ሲጸናበት የጥጥ ብናኝን እንጠረጥራለን። በአበባ እርሻ የምትሠራ ሴት ራሷን ሲያዞራትና ሲያስመልሳት ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል እንጠይቃለን። ይህንኑ ጥያቄ ወደ ራሳችንና አብረውን ወደሚሠሩት ስናዞረው ግን እምብዛም አይታይም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጠዋቱ የታማሚዎች ጉብኝት በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ በክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ እንዳይታዘቡኝ» አሉኝ። ቆሻሻ የያዘ ፌስታል ከአልጋ ሥር ሲያነሡ በውስጡ የነበረ መርፌ ጓንታቸውን በስቶ መዳፋቸውን ወግቷቸዋል። በዕለቱ እጃቸውን በበረኪና ታጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰኞ ጠዋት» አሉ። ያነጋገርኳቸው ዓርብ ዕለት ነበር። መርፌው ለየትኛው ታማሚ አገልግሎ እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስደው እንደሆነ ብጠይቃቸው «እሱ ለእናንተ ለባለሙያዎች አይደል እንዴ?» ሲሉ መለሱልኝ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ያልተሟላው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። መርፌው ሊገኝ በማይገባው ቦታ ተገኝቷል፤ ሠራተኛዋ አልተከተቡም፤ የሚያሳውቁበትን ቦታ አያውቁም፤ መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜም አልፏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ክፍተቶች አንድ በአንድ በመመልከት በጤና ተቋሞቻችን ውስጥ በመርፌና በሌሎች ስለታማ ነገሮች የሚደርሰውን ጉዳት እንዴት መከላከል እንደሚቻል፣ ከደረሰም ምን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት መሠረት በወቅቱ በዓለም ላይ ከነበሩት 35 ሚሊዮን ገደማ የጤና ሠራተኞች መካከል በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ያህሉ ደም ባለባቸው ስለታማ ነገሮች ይወጉ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ለሄፓታይተስ ቢ፣ 9 መቶ ሺህ ያህሉ ለሄፓታይተስ ሲ፣ 170 ሺህ ያህሉ ደግሞ ለኤችአይቪ ቫይረስ እንደሚጋለጡ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. የ2000 ዓመተ ምሕረትን መረጃ በመንተራስ የተሠራው ስሌት እንደሚያሳየው በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 66 ሺህ ያህል የሄፓታይተስ ቢ፣ 16 ሺህ ያህል የሄፓታይተስ ሲ እና እስከ 1 ሺህ የሚደርስ የኤችአይቪ ኢንፌክሽን በዚሁ መንገድ በጤና ሠራተኞች ላይ ደርሷል። በዚህ መንገድ ከሚያዙት ሠራተኞች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በታዳጊ ሀገሮች ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የቆዩ ናቸው። ይሁን እንጂ በሀገራችን በተለያዩ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳመለከቱት በመርፌ መወጋት ለጤና ሠራተኛው እንግዳ አልሆነም፤ ከተወጉትም ውስጥ ብዙዎቹ አደጋውን አያሳውቁም። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው ቁጥር እጅግ ያነሰ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በመርፌ መወጋት ምን ያህል ያሰጋል?

ብዙ ባለሙያዎች መርፌ ሲወጋቸው መጀመሪያ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ኤችአይቪ ነው። በመርፌ በመወጋት የተላለፈ የመጀመሪያው የኤችአይቪ ኢንፌክሽን በሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣበት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥጋቱ ከሙያችን ጋር አብሮ ኖሯል። ሆኖም ቁጥሩን ለያይቶ መመልከት ይጠቅማል።

ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ባለበት ሰው ላይ በዋለ መርፌ የተወጋ ሰው፣ መድኃኒት ካልወሰደ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ በአማካይ 0.3 በመቶ፣ ማለትም ከ1 ሺህ ሰው 3 ያህል ነው። ደሙ በዓይን ወይም በአፍ ውስጥ ከተረጨ ይህ ዕድል ወደ 0.09 በመቶ ይወርዳል። የሄፓታይተስ ሲ የመተላለፍ ዕድል ቀደም ሲል 1.8 በመቶ ያህል ነው ይባል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ግን ከዚህ በእጅጉ እንደሚያንስ ያመለክታሉ። ሄፓታይተስ ቢ ከሁለቱም የተለየ ነው። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ እንደ ታማሚው የቫይረስ መጠን ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ሄፓታይተስ ቢ ከኤችአይቪ ይልቅ እስከ 1 መቶ እጥፍ በቀለለ መንገድ ይተላለፋል። በደረቀ ደም ላይም ሆኖ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ትላንት የተጣለ መርፌ ዛሬ አያሰጋም ማለት አይቻልም።

ሁሉም መወጋት እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሀገሮች የተካሄደ ጥናት በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል ከፍ የሚያደርጉ አራት ሁኔታዎችን ለይቷል። እነርሱም ጉዳቱ ጥልቅ መሆኑ፣ በመሣሪያው ላይ ደም በዓይን መታየቱ፣ መሣሪያው በታማሚው የደም ሥር ውስጥ የነበረ መሆኑ፣ እንዲሁም ታማሚው በበሽታው የመጨረሻ ደረጃ ላይ መገኘቱ ናቸው። ይኸው ጥናት ከአደጋው በኋላ ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት መውሰድ የመያዝን ዕድል በ81 በመቶ እንደሚቀንስም አሳይቷል። ለዛሬው የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ ሕክምና ዋነኛ ከሆኑት መሠረቶች አንዱ ይህ ግኝት ነው።

አደጋው መቼና እንዴት ይደርሳል?

በአብዛኛው ሲታይ አደጋው የሚደርሰው በአምስት ወቅቶች ነው፦ መርፌው ታማሚው ላይ ሳለ ታማሚው በድንገት ሲንቀሳቀስ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ክዳኑን መልሶ ለመክደን ሲሞከር፣ ስለታማ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከሞላ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ በግፊት ሲጨመር፣ በመጨረሻም ያለ ቦታው የተጣለ መርፌ ሌላውን ሰው ሲያገኘው።

ከእነዚህ ውስጥ ክዳንን መልሶ መክደን በተለይ ሊተኮርበት የሚገባ ነው። ሁላችንም መክደን እንደሌለብን ተምረናል፤ ግን እንከድናለን። ይህን በግዴለሽነት ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ደም የቀዳችበትን መርፌ ይዛ ስትቆም ሴፍቲ ቦክሱ ከአዳራሹ ማዶ፣ ከመድኃኒት ጠረጴዛው ሥር ከሆነ፣ ሁለት አማራጭ ብቻ ይኖራታል፤ የተገለጠ መርፌ ይዛ በታማሚዎችና በአስታማሚዎች መካከል መሄድ ወይም መክደን። ብዙውን ጊዜ የምትመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለሌላው ሰው በማሰብም ጭምር። ስለዚህ «አትክደኑ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ በፊት ሳጥኑን ወደ አልጋው ማቅረብ ይገባል።

ያለ ቦታው የተጣለ መርፌ ጉዳይ ደግሞ ከሙያ ሥነ ምግባር ጋር የተያያዘ ነው። መርፌውን የተጠቀመው ሐኪም ወይም ነርስ ነው፤ የሚወጋው ግን የጽዳት ሠራተኛው፣ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛው፣ ወይም ቆሻሻ ማቃጠያው ዘንድ የሚሠራው ሰው ነው። እነዚህ ሠራተኞች መርፌው ከማን እንደመጣ አያውቁም፤ ሥልጠናም ሆነ ክትባት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ አይታሰቡም። በመግቢያው ላይ በጠቀስኩት ታሪክ ፌስታሉ ውስጥ መርፌ የጣለው ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም፤ ከእኛ ከባለሙያዎቹ አንዱ ነው።

የመከላከያ እርከኖች

በሙያ ደኅንነት ትምህርት ውስጥ የመከላከያ እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ከላይ ያለው እርከን ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ውጤቱ በሠራተኛው ንቃት ላይ እየተመሠረተ ይሄዳል። ንቃት ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ነገር ነው።

1. አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ። በመርፌ ላለመወጋት ከሁሉ የበለጠው ዘዴ አላስፈላጊ መርፌን አለመስጠት ነው። በሚዋጥ መድኃኒት መታከም የሚችል ሰው መርፌ የሚታዘዝለት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታማሚዎቻችንም «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል እምነት አላቸው፤ ይህን እምነት በትዕግሥት ማስረዳት የራሳችንም ደኅንነት ጉዳይ ነው። በተመሳሳይ መንገድ በጠዋትና በማታ የሚታዘዙ የደም ምርመራዎችን በአንድ ጊዜ ማስቀዳት የመርፌን ቁጥር ይቀንሳል።

2. በሌላ መተካት። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻንና የጡንቻ ሽፋንን ለመስፋት ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ መጠቀም ይቻላል። በግሉኮስ መስመር ላይ መድኃኒት ሲጨመርም መርፌ የማይፈልጉ መግጠሚያዎች አሉ።

3. የቴክኒክ መከላከያ። ከተጠቀሙበት በኋላ ጫፉ በራሱ የሚሸፈን ወይም ወደ ውስጥ የሚመለስ መርፌ ዛሬ በገበያ ላይ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን መጠቀምን የሚያስገድድ ሕግ ከወጣ በኋላ በሆስፒታሎች የሚደርሰው አደጋ ከሲሶ በላይ ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቷል። እዚህ ላይ አንድ መምታታት መጥራት አለበት። በክትባት ዘመቻ የምንጠቀምበት፣ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ የሚቆለፈው ሲሪንጅ ታማሚውን ከዳግም አጠቃቀም ይጠብቃል፤ ጫፉ ግን የተገለጠ ስለሆነ ሠራተኛውን ከመወጋት አያድነውም።

ዘመናዊው መርፌ ዋጋው ከፍ ስለሚል በሁሉም ተቋም ወዲያው ላይገኝ ይችላል። ሴፍቲ ቦክስ ግን ሊጠፋ አይገባም። ሳጥኑ በማይበሳ ነገር የተሠራ፣ ሥራው በሚሠራበት ቦታ እጅ በሚደርስበት ርቀት የሚቀመጥና ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ የሚነሣ መሆን አለበት። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በመርፌ ስለሚበሳ ምትክ ሊሆን አይችልም።

4. የአሠራር ሥርዓት። ያገለገለን መርፌ አለመክደን፣ አለማጠፍና አለመስበር፤ ግድ ሆኖ መክደን ካስፈለገ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በአንድ እጅ ብቻ በመርፌው ማንሣት፤ በኦፕራሲዮን ጊዜ መሣሪያን ከእጅ ወደ እጅ ከማቀበል ይልቅ በመካከል በተዘጋጀ ሳሕን ላይ ማስቀመጥ፤ ለሚፈራ ሕፃን ወይም ለሚወራጭ ታማሚ ረዳት መጥራት፤ ስለታማ ነገርን የተጠቀመው ሰው ራሱ እንዲያስወግድ ማድረግ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በቂ ብርሃን፣ በቂ የሰው ኃይልና ምክንያታዊ የተረኝነት ሰዓት የደኅንነት ጉዳዮች መሆናቸውን የተቋም ኃላፊዎች ሊቀበሉ ይገባል።

5. የግል መከላከያ። ጓንት መርፌን አያቆምም፤ መርፌው ሲያልፍ ግን ከላዩ ያለውን ደም ስለሚጠርግ ወደ ሰውነት የሚገባውን ደም ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ለጽዳትና ለቆሻሻ ማስወገጃ ሠራተኞች የምርመራ ጓንት አይበቃም፤ ወፍራም የሥራ ጓንትና ቦት ጫማ ያስፈልጋቸዋል።

ብዙ ተቋማት የደኅንነት ሥራቸውን ከአምስተኛው እርከን ጀምረው እዚያው ይጨርሳሉ። ጓንት መኖሩን ከማረጋገጥ በፊት ግን መርፌው ማስፈለጉን፣ ሳጥኑም በቦታው መኖሩን መጠየቅ ይቀድማል።

ክትባት፦ በእጃችን ያለ መከላከያ

ከሦስቱ ቫይረሶች መካከል በቀላሉ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ፣ ክትባት ያለውም እርሱ ብቻ ነው። ክትባቱ በመጀመሪያ፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ከጤናማ ጎልማሶች ከ90 በመቶ በላይ ለሚሆኑት በቂ መከላከያ ያስገኛል። በሀገራችን ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ በሥራ ላይ ያለነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም።

በመሆኑም እያንዳንዱ ተቋም ሁለት ነገር ማድረግ ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ የሕክምና ወይም የነርሲንግ ተማሪም ወደ ታማሚ ክፍል ከመግባቱ በፊት ሦስቱን ክትባቶች እንዲያሟላ ማድረግ። ሁለተኛ፣ የጽዳት፣ የልብስ ማጠቢያና የቆሻሻ ማስወገጃ ሠራተኞችን በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት። አቅም ባለበት ቦታ ከሦስተኛው ክትባት 1 ወይም 2 ወር በኋላ የደም ምርመራ አድርጎ የመከላከያው መጠን 10 ዩኒትና ከዚያ በላይ መድረሱን ማረጋገጥ በኋላ አደጋ ቢደርስ ውሳኔውን ያቀልላል።

አደጋው ከደረሰ ምን ይደረግ?

ሀ. የመጀመሪያ እርዳታ። የተወጋውን ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ። መጭመቅ፣ መምጠጥ ወይም መቁረጥ አያስፈልግም። በረኪናና ሌሎች የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች ቁስሉን ከመጉዳት በቀር ጥቅማቸው አልተረጋገጠም። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ለብዙ ደቂቃዎች በንጹሕ ውኃ ወይም በሳላይን ማጠብ ይገባል።

ለ. ወዲያው ማሳወቅ። አደጋው የደረሰበት ሰው ሥራውን ለሌላ አስረክቦ በተቋሙ ለተመደበው ባለሙያ፣ በሌሊት ከሆነም ለተረኛው ሐኪም ማሳወቅ አለበት። ሰዓቱ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የጉዳቱ ጥልቀትና ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ይመዘገባል።

ሐ. ምርመራ። የተወጋው ሰውም ሆነ ታማሚው በፈቃዳቸውና ምስጢራቸው ተጠብቆ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ይመረመራሉ። የተጣለን መርፌ መመርመር ግን አይመከርም። ታማሚው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከሆነ ሥጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ ግን ውሳኔውን በባለሙያ ምክር ከመወሰን አያስቀርም።

መ. ለኤችአይቪ። ታማሚው ቫይረሱ እንዳለበት ከታወቀ፣ ወይም ሁኔታው ሳይታወቅ ሥጋት ካለ፣ የመከላከያ መድኃኒቱ ውጤት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይጀመራል። ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ሲሆን ከ72 ሰዓት ካለፈ አይመከርም። በአሁኑ ጊዜ የሚመረጡት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል ተዋሕደው በቀን አንድ ጊዜ ለ28 ቀን ይወሰዳሉ። ታማሚው ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ይቆማል። የተወጋው ሰው ራሱ ከአደጋው በፊት ቫይረሱ እንደነበረበት ከታወቀ የሚያስፈልገው መከላከያ ሳይሆን መደበኛው ሕክምና ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ይህን አስቀድሞ መንገር መድኃኒቱን አቋርጦ ከመተው ያድናል። የጨጓራ አሲድ ማርከሻ፣ የብረትና የካልሲየም እንክብሎች ዶሉቴግራቪርን ከመሥራት ስለሚያግዱ ሰዓታቸው መለያየት ይኖርበታል።

ሠ. ለሄፓታይተስ ቢ። ክትባቱን አሟልቶ መከላከያ ማዳበሩ የታወቀ ሰው ተጨማሪ ነገር አያስፈልገውም። ያልተከተበ ሰው የመጀመሪያውን ክትባት በዚያው ዕለት ይወስዳል። የሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን በሚገኝበት ቦታ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም ከ7 ቀን ሳያልፍ አብሮ ይሰጣል።

ረ. ለሄፓታይተስ ሲ። ከአደጋው በኋላ የሚሰጥ መከላከያ የለውም። በክትትል ጊዜ ቫይረሱ ከተገኘ ግን ዛሬ ያሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች በ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ።

ሰ. ክትትል። የኤችአይቪ ምርመራ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገማል፤ የሄፓታይተስ ምርመራ እስከ 6ኛው ወር ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደም አለመለገስና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። የምክር አገልግሎት የሕክምናው አካል እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ሦስት ወር ውጤት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ሰው ያውቃል።

ስለ ዝምታ

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ኢንተርን ሳለሁ፣ በአንድ የተረኝነት ሌሊት ደም የቀዳሁበትን መርፌ ስከድን የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ወጋሁት። ከቧንቧው ሥር ታጠብኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር «እንዴት ከደንከው?» እንደምባል አውቅ ነበር፤ መመርመርንም ፈርቼ ነበር። መድኃኒቱ ከነበርኩበት ክፍል ሁለት ፎቅ በታች ይገኝ ነበር። ከ3 ወር በኋላ ተመርምሬ ነጻ መሆኔን እስካውቅ ድረስ ለቤተሰቤ የማልነግረው ነገር ይዤ ኖርኩ። ሌላውን ታማሚ «ለምን ቶሎ አልመጣህም?» ብሎ የሚቆጣ ሐኪም ራሱ እንዲህ ነበር።

ባለሙያዎች የማያሳውቁባቸው ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው፦ ተግሣጽን መፍራት፣ ውጤቱ በባልደረባ እጅ መግባቱን መፍራት፣ «ምንም አይለኝም» ማለትና የት እንደሚነገር አለማወቅ። መድኃኒታቸውም ግልጽ ነው። ማሳወቅ ለቅጣት ምክንያት እንዳይሆን በጽሑፍ መደንገግ፣ ምርመራው ከተቋሙ ውጭ ወይም በኮድ የሚሠራበትን መንገድ ማመቻቸት፣ የኃላፊውን ስልክ ቁጥር በየክፍሉ መለጠፍ፣ መድኃኒቱም በሌሊትና በበዓል ቀን ጭምር እንዲገኝ ማድረግ።

ማሳወቅ የሚጠቅመው ለተወጋው ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ያኮብ ኮሌችካ የተባለ ፕሮፌሰር አስከሬን ሲመረመር የተማሪ ቢላ ጣቱን ወጋው፤ በቁስሉ ምክንያትም ሞተ። ጓደኛው ኢግናዝ ሰመልዋይዝ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ባነበበ ጊዜ በኮሌችካ አካል ላይ የታየው ለውጥ በወሊድ ትኩሳት በሚሞቱት እናቶች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያም ሐኪሞች ከአስከሬን ክፍል ወጥተው ወደ እናቶች ሲሄዱ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አደረገ፤ የእናቶች ሞትም በአጭር ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። ያ አደጋ በዝምታ ታልፎ፣ የአስከሬኑ ምርመራም ሳይጻፍ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ትምህርት አይገኝም ነበር። ዛሬም በአንድ ክፍል በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰው ከተወጋና ሦስቱም ከተመዘገቡ፣ ሳጥኑ ራቅ ብሎ መቀመጡ ወይም የሌሊት ሠራተኛው ማነሱ ይገለጣል። ሳይመዘገቡ ከቀሩ ግን ሦስት ግዴለሽ ሰዎች ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፣ የደረሰ አደጋንም እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ቢሆንም ሕገ መንግሥታዊው መብት የሁሉም ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። በመሆኑም ሴፍቲ ቦክስና ክትባት መጠየቅ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መጠየቅ ነው።

ማጠቃለያ

አንባቢው ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ አምስት ነገሮችን እንዲመለከት እጠይቃለሁ። ሴፍቲ ቦክሱ ከአልጋው ስንት እርምጃ ይርቃል? ከሦስት አራተኛ በላይ ሞልቷል ወይ? በዚህ ክፍል የሚሠራው ሁሉ፣ የጽዳት ሠራተኛው ጭምር፣ ሦስቱን የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ወስዷል ወይ? ዛሬ ሌሊት አንድ ሰው ቢወጋ ለማን ይናገራል? መድኃኒቱስ በየት በኩል ይገኛል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ ከጠፋ ሥራው ከዚያ ይጀመራል፤ አብዛኛውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

በመግቢያው ላይ የጠቀስኳቸው እናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በዚያው ዓርብ ተጀመረላቸው፤ ከ6 ወር ክትትል በኋላም ከሦስቱም ቫይረሶች ነጻ ሆነው ተገኙ። ውጤቱን ስነግራቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እኔንም መረቁኝ። ምርቃቱን ስቀበል ግን አፈርኩ። እርሳቸውን ያዳናቸው ያቋቋምነው ሥርዓት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በክፍላችን በየአልጋዎቹ መካከል ሴፍቲ ቦክስ ተቀመጠ፤ የክትባቱ ዝርዝርም በጽዳት ሠራተኞቹ ስም ተጀመረ። ይህን ለማድረግ የእርሳቸው እጅ እስኪወጋ መጠበቅ ግን አልነበረብንም።